ምትክ ፓወር ሰፕላይ፦ ስለ ዋት፣ ስለ ዋጋና ስለ ጥበቃ

የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ገዢ ወደ ሱቅ የሚሄደው ሁለት ጥያቄ ይዞ ነው፤ ስንት ዋት ነው? ስንት ብር ነው? ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ያሳስታሉ። በሚከተለው ምልልስ የሚነጋገሩት በጽሕፈትና በኅትመት ሥራ የሚተዳደሩ አንዲት ነጋዴና አንድ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ናቸው። ነጋዴዋ የሚያነሱት መከራከሪያ በየሱቁ የሚሰማው ነው፤ ባለሙያው የሚሰጠው መልስ ደግሞ የዚህ ጽሑፍ አቋም ነው።

ነጋዴ፦ እንግዲህ ልጄ፣ ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው 500 ዋት ይላል፤ ርካሽ ነው። ሌላው 550 ዋት ይላል፤ ዋጋው ግን የዚያን ሦስት እጥፍ ነው። ለ50 ዋት ልዩነት ሦስት እጥፍ መክፈል ምን የሚሉት ሒሳብ ነው?

ባለሙያ፦ እትዬ፣ ልዩነቱ 50 ዋት ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ርካሹን ይግዙ እልዎት ነበር። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ግን ድምር ነው። ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት ለውጦ ያከፋፍላል። እያንዳንዱ መስመር ስንት አምፔር እንደሚችል በዕቃው ጎን ላይ ባለው ሠንጠረዥ ተጽፏል። የዛሬ ኮምፒውተር በዋናነት የሚሠራው በ12 ቮልቱ ነው፤ ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም ኃይል የሚስቡት ከዚያ ነው። ርካሹ ላይ 12 ቮልት በ18 አምፔር ብሎ ቢያገኙት፣ 12 በ18 ሲባዛ 216 ዋት ይሆናል። እስከ 500 ያለው ቀሪ ቁጥር ወይ ኮምፒውተሩ እምብዛም በማይፈልጋቸው መስመሮች ላይ የተደለደለ ነው፤ ወይ ደግሞ ዕቃው ለአፍታ እንጂ ቀኑን ሙሉ የማይሸከመው ጣሪያ ነው። ውዱ ላይ 12 ቮልት በ45 አምፔር ካለ ደግሞ 540 ዋት ነው። ስለዚህ 500ን ከ550 ጋር እያወዳደርን አይደለም፤ የምናወዳድረው 216ን ከ540 ጋር ነው።

ነጋዴ፦ ኩንታል ተብሎ የተሸጠ ጤፍ ግማሹ እብቅ ሆኖ ሲገኝ ማለት ነዋ! ግን ሠንጠረዡ ላይ በግልጽ ከጻፉት አታለሉን ለማለት ይከብዳል። ደግሞስ የሚፈልጋቸው ከሌለ፣ 5 እና 3.3 ቮልቱ ላይ ያን ያህል አቅም ለምን ይጭናሉ?

ባለሙያ፦ ድሮ የሚፈልጋቸው ስለ ነበረ ነው። ኢንቴል ኤቲኤክስ የተባለውን የዴስክቶፕ ደረጃ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በዚያ ዘመን ፕሮሰሰሩ የሚሠራው ከ5 እና ከ3.3 ቮልት በሚመጣ ኃይል ነበር። የኃይል ፍላጎቱ ሲያድግ ግን ችግር መጣ፤ ቮልቴጁ ዝቅ ባለ ቁጥር ተመሳሳይ ዋት ለማድረስ ብዙ አምፔር ያስፈልጋል፣ ብዙ አምፔር ደግሞ ሽቦውንና ኮኔክተሩን ያግላል። ስለዚህ በ2000 ከፔንቲየም 4 ጋር ለፕሮሰሰሩ ብቻ የሚሆን ባለ 4 እግር የ12 ቮልት ኮኔክተር ተጨመረ። በ2003 ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ዋናው ኮኔክተር ከ20 እግር ወደ 24 አደገ። በ2020 ደግሞ ኢንቴል 5 እና 3.3 ቮልቱን ጨርሶ ትቶ 12 ቮልት ብቻ የሚያወጣ ደረጃ አቀረበ። ታሪኩ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሄደው። ከ20 ዓመት በፊት በነበረ ንድፍ ተሠርቶ ዛሬ በአዲስ ካርቶን የሚሸጥ ዕቃ የሚጎዳን ለዚህ ነው፤ ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ ሳለ አቅሙ ያለው ሥራው በሌለበት ቦታ ነው።

ነጋዴ፦ እሺ፣ ይሁን። ታዲያ ለእኔ ኮምፒውተሮች ስንት ይበቃል? አንዱ ለጽሕፈት ነው፤ ሌላው ዲዛይን የሚሠራበት ነው።

ባለሙያ፦ ሁለቱን ለየብቻ እንቁጠራቸው። የጽሕፈቱ ማሽን ለምሳሌ ኮር አይ5-12400 ፕሮሰሰር ቢኖረው፣ ኢንቴል ለዚህ ፕሮሰሰር ያስቀመጠው ከፍተኛ ፍጆታ 117 ዋት ነው። ማዘርቦርዱን፣ ሜሞሪውን፣ ዲስኩንና ፋኑን ለማሟላት 60 ዋት ብንጨምር 177 ይሆናል። ግራፊክስ ካርድ ስለሌለው በሐቀኝነት የተሠራ የ300 ዋት ፓወር ሰፕላይ ከበቂ በላይ ነው። የዲዛይኑ ማሽን አርቲኤክስ 3060 ካርድ ካለው 170 ዋት ይጨምራል፤ ወደ 350 ዋት ደረስን ማለት ነው። ኤንቪዲያ ለዚህ ካርድ የሚመክረው 550 ዋት ነው። ከ350 እስከ 550 ያለው ልዩነት ትርፍ እንዳይመስልዎት። ግራፊክስ ካርድ የሚስበው ኃይል ዝግ ብሎ የሚቆም አይደለም፤ ለጥቂት ማይክሮ ሰከንዶች ከመደበኛው በብዙ ከፍ ብሎ ይመለሳል። በ2022 የወጣው የኤቲኤክስ 3.0 ደረጃ ትልልቅ ካርዶችን የሚያንቀሳቅሱ ፓወር ሰፕላዮች ከተጻፈላቸው አቅም እስከ ሁለት እጥፍ የሚደርስ ጭነት ለ100 ማይክሮ ሰከንድ እንዲሸከሙ እስከ መጠየቅ የደረሰው ለዚህ ነው። እንግዲህ 216 ዋት ብቻ የሚያደርሰው ርካሹ ዕቃ ጽሕፈቱን ሊያሠራ ይችል ይሆናል፤ በዲዛይኑ ማሽን ላይ ግን ገና ሥራ ሲጀምር ከአቅሙ በላይ ነው።

ነጋዴ፦ ትልቁን ከገዛሁ ግን ቆጣሪው አይበላኝም? 550 ዋት የሚል ዕቃ 550 ዋት ሲበላ ይውላል እኮ።

ባለሙያ፦ አይበላም፣ እትዬ። የተጻፈው መስጠት የሚችለው ከፍተኛ መጠን ነው። ኮምፒውተሩ 200 ዋት ከፈለገ የሚሰጠው 200 ዋት ነው፤ ከቆጣሪው የሚስበው ደግሞ ያንን 200 እና በመለወጥ ሒደት ወደ ሙቀት የሚቀየረውን ብክነት ነው። ቆጣሪውን ያለ ጥቅም የሚያስሮጠው ብክነቱ ነው። ከሚስበው 85 በመቶውን ወደ ጥቅም የሚለውጥ ዕቃ 200 ዋት ለመስጠት 235 ዋት ያህል ይስባል፤ 70 በመቶውን ብቻ የሚለውጥ ደግሞ 286 ዋት ይስባል። ልዩነቱ 50 ዋት ገደማ ነው። በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 120 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሆናል፤ ያ ሁሉ የሚያልቀው ሙቀት ሆኖ ነው። ሙቀቱ ደግሞ በተራው ዕቃውን ያስረጀዋል። በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች የሥራ ሙቀታቸው በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜያቸው ወደ እጥፍ እንደሚጠጋ፣ በጨመረ ቁጥርም በግማሽ እንደሚያጥር በሙያው የታወቀ ሕግ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ በአቅሙ ጫፍ የሚሠራው ትንሹ ዕቃ በመብራት ሒሳብም በዕድሜም አይቆጥብልዎትም።

ነጋዴ፦ እንደዚያ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ የወርቅ ምልክት ያለበትን፣ ስሙ የታወቀውን እገዛለሁ። ጎልድ የሚል ተለጥፎበት አይቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ምን አስጨነቀኝ?

ባለሙያ፦ ምልክቱ እውነተኛ ከሆነ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን የሚመሰክረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። 80 ፕላስ የተባለው ይህ ምስክርነት በ2004 የተጀመረ ሲሆን የሚለካው ብክነትን ነው። በአሜሪካው 115 ቮልት ሲፈተን ጎልድ ለመባል በ20 በመቶ ጭነት 87፣ በግማሽ ጭነት 90፣ በሙሉ ጭነት 87 በመቶ ማለፍ ያስፈልጋል። ዕቃው ሾርት ቢፈጠር ይቆም እንደሆነ፣ ጭነት ከልክ ሲያልፍ ራሱን ያጠፋ እንደሆነ ምልክቱ አይነግርዎትም። ስም ብቻውንም ዋስትና አይሆንም። ጊጋባይት የሸጣቸው 750 እና 850 ዋት የጂኤም ሞዴሎች የጎልድ ምልክት ነበራቸው፤ ገለልተኛ ፈታሾች ከልክ ያለፈ ጭነት ሲያደርጉባቸው ግን አንዳንዶቹ እየፈነዱ ተበላሹ። ኩባንያው በኦገስት 2021 ባወጣው መግለጫ ጥበቃው ኃይሉን የሚቆርጥበትን መጠን ከ120–150 በመቶ ወደ 110–120 በመቶ ማውረዱን ገልጾ፣ ቀድሞ የተሸጡትን ለመለወጥ ፈቀደ። ስሙም ነበር፤ ምልክቱም ነበር። የጎደለው ጥበቃው በጊዜው መቁረጡ ነው።

ነጋዴ፦ ጥበቃ፣ ጥበቃ ትላለህ፤ እኔ እኮ ስታብላይዘር አለኝ፣ ዩፒኤስም አለኝ። መብራት ሲዋዥቅ እነሱ ይመክታሉ። ሁለት ጊዜ ለጥበቃ ለምን እከፍላለሁ?

ባለሙያ፦ ከክርክሩ ሁሉ ይህኛው ከባዱ ነው፤ በአገራችን የመብራት ሁኔታ ስታብላይዘርና ዩፒኤስ ያስፈልጋሉ፣ ይጠቅማሉም። የሚጠብቁት ግን ከግድግዳው እስከ ፓወር ሰፕላዩ ያለውን ነው። ከፓወር ሰፕላዩ ወዲያ የሚሆነውን አያዩትም። ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ተበላሽቶ 12 መሆን የነበረበት 15 ቮልት ሆኖ ቢወጣ፣ ስታብላይዘሩ 220 ቮልቱን አስተካክሎ እየሰጠ ማዘርቦርዱም ዲስኩም ሊቃጠሉ ይችላሉ። የኤቲኤክስ ደረጃ ለረጅም ጊዜ የፈቀደው መዋዠቅ ወደ ላይም ወደ ታችም 5 በመቶ ነው፤ በዚህ መሠረት 12 ቮልቱ ከ11.4 መውረድ፣ ከ12.6 መውጣት የለበትም። ከልክ ያለፈ ቮልቴጅን፣ ከልክ ያለፈ አምፔርን፣ ከልክ ያለፈ ጭነትን፣ ሾርትንና ሙቀትን እየለዩ ኃይል የሚቆርጡት ጥበቃዎች የሚያስፈልጉት እዚያ፣ ውስጥ ነው። ፊውዝ አለው ብለው እንዳይጽናኑ። ፊውዝ እሳት እንዳይነሳ ይረዳል እንጂ ቦርዱን ለማዳን አይደርስም፤ የእሱ ነገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ዩፒኤሱም ራሱ የሚጠቅመው ፓወር ሰፕላዩ ጥሩ ሲሆን ነው። መብራት ሲሄድ የተለመደው ዩፒኤስ ወደ ባትሪው ለመዞር ከ4 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። በዚያች ቅጽበት ኮምፒውተሩን የሚያቆየው በፓወር ሰፕላዩ ዋና ካፓሲተር ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል ነው። የኢንቴል መመሪያ ይህ ቆይታ ወደ 17 ሚሊ ሰከንድ እንዲሆን ይጠይቃል። ወጪ ለመቀነስ ትንሽ ካፓሲተር የተገጠመለት ዕቃ ያን ያህል አይቆይም። ዩፒኤስ ተገዝቶ ሳለ መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሩ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሰው ግን ጥፋቱን ዩፒኤሱ ላይ ይጥላል።

ነጋዴ፦ እህቴ ከአሜሪካ የላከችው ኮምፒውተር ደግሞ አለ። የእሱ ፓወር ሰፕላይ ሊያገለግለን አይችልም?

ባለሙያ፦ መጀመሪያ የሚቀበለውን ቮልቴጅ እንይ። ጎኑ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ብሎ ከተጻፈ ያለ ሥጋት ይሰካል። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ ካለው ግን 230 ላይ መሆኑን ሳያረጋግጡ እንዳይሰኩት። በ115 ላይ እያለ 220 ከገባበት ውስጡ ያሉት ዋና ካፓሲተሮች ከሚችሉት በላይ ቮልቴጅ ይደርስባቸዋል፤ ያኔውኑ ይቃጠላል። 115 ብቻ የሚል ከሆነ በቀጥታ አይሰካም። ምትክ ሲገዙም እንደዚሁ ነው፤ ማብሪያ የሌለውና ሙሉውን ክልል የሚቀበለው ይሻላል።

ነጋዴ፦ ሌላም አማራጭ አለ፤ የተቃጠለውን ማስጠገን። በትንሽ ገንዘብ ካፓሲተር ቀይረው የሚመልሱ ልጆች ሞልተዋል። ለምን እንጥላለን?

ባለሙያ፦ የጠጋኞቹን ሙያ አልንቅም፤ ፋን መቀየር፣ ያበጠ ካፓሲተር መለወጥ የሚያውቅ ሰው በደንብ የሚሠራው ነገር ነው። ጥያቄው ከጥገናው በኋላ ማን ፈተነው የሚለው ነው። አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር አገናኝቶ ፋኑ ሲዞር ማየት ፈተና አይደለም፤ ፋኑ ዞረ ማለት ዕቃው ተነሣ ማለት ብቻ ነው። 300 ዋት ተጭኖበት ቮልቴጁ ከልኩ አለመውጣቱን፣ ሾርት ሲደረግ መቁረጡን ያየ ከሌለ ዳኛው የእርስዎ ማዘርቦርድ ይሆናል። ፊውዙ የተቃጠለ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ሾርት የሆነ ክፍል አለ፤ ፊውዙን ብቻ መቀየር እንደገና ማቃጠል ነው። ልምድ የሌለው ሰው ደግሞ ጨርሶ መክፈት የለበትም፤ ዋናው ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ ይህ ሰው ይገድላል። በጭነት ፈትኖ በኃላፊነት የሚመልስ ጠጋኝ ካለ ይጠገን፤ ከሌለ ግን የደንበኛ ፋይል ያለበትን ማሽን ለሙከራ አንስጥ።

ነጋዴ፦ የጽሕፈቱ ኮምፒውተር ዴል ነው። ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ ይገጥምለታል?

ባለሙያ፦ እዚህ ላይ ነው ገንዘብ ከፍሎ ባዶ እጅ መቅረት የሚመጣው። ተራው ኤቲኤክስ ወርዱ 150፣ ከፍታው 86፣ ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ 140 ሚሊ ሜትር ነው፤ በቀጫጭኖቹ የቢሮ ኮምፒውተሮች ውስጥ አይገባም። ቢገባም ኮኔክተሩ ይለያያል። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ለማዘርቦርዱ የሚጠቀመው ባለ 8 እግር ነው፤ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ኤም93ፒ ባለ 14 እግር ነው፤ ከኤችፒም ባለ 6 እግር የሚጠቀሙ አሉ። ለእነዚህ የሚሻለው በአሮጌው ላይ ያለውን የክፍል ቁጥር ይዞ ያንኑ መፈለግ ነው፤ ያገለገለም ቢሆን ከዚያው ሞዴል የወጣና የተፈተነ ከሆነ ስም የሌለውን አዲስ ይበልጣል። ኮኔክተሩ ገጠመ ማለትም ተስማማ ማለት አይደለም። ዴል በ1990ዎቹ መጨረሻ በሠራቸው አንዳንድ ኮምፒውተሮች ኮኔክተሩ ከተራው ኤቲኤክስ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ የሽቦው አደራደር ግን የተለየ ነበር፤ ተራውን የሰካ ሰው ቦርዱን ያቃጥል ነበር። የዚህ ዓይነቱ አደጋ ዛሬም አለ። ኬብላቸው የሚነቀል ፓወር ሰፕላዮች በራሳቸው በኩል ያለው የሽቦ አደራደር አንድ ወጥ ደረጃ የለውም፤ ስለዚህ አዲሱን ሲገጥሙ የአሮጌውን ኬብል እዚያው መተው ዲስክን በማይሆን ቮልቴጅ ማቃጠል ሊሆን ይችላል። አዲስ ዕቃ ከአዲስ ኬብሉ ጋር ይገባል፤ የአሮጌው ሙሉ በሙሉ ይወጣል።

ነጋዴ፦ ሁሉንም ሰማሁህ። አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። እኔ ቤተ ሙከራ የለኝም፤ ሠንጠረዡ ላይ የተጻፈውም ውሸት ሊሆን ይችላል። ታዲያ በምን አምናለሁ?

ባለሙያ፦ እውነት ነው፤ ወረቀት ላይ ማንም የፈለገውን ይጽፋል። ለዚህ ነው ከአንድ ማስረጃ በላይ የምንጠይቀው። አንደኛ፣ የ12 ቮልቱ አምፔር ተባዝቶ ከጠቅላላው ዋት ጋር ይቀራረብ፤ አምፔሩን ጨርሶ ያልጻፈ ዕቃ ከመጀመሪያው ይቅር። ሁለተኛ፣ አምራቹ የትኞቹን ጥበቃዎች እንዳደረገ በሞዴሉ ስም ዘርዝሮ ይግለጽ። ሦስተኛ፣ ያንኑ ሞዴል ከሻጩ ሌላ የሆነ አካል በጭነት ፈትኖት ውጤቱን አውጥቶ እንደሆነ ይታይ። ሳይቤኔቲክስ የተባለው ድርጅት ለምሳሌ በ115 ብቻ ሳይሆን እንደኛ አገር ላለው በ230 ቮልትም ይፈትናል፤ ይህን በስልክዎ ሱቁ በር ላይ ቆመው ማየት ይችላሉ። አራተኛ፣ የዋስትናው ዘመን። ከውጭ አምራች ዋስትና እዚህ ሆኖ ማስፈጸም አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም 5፣ 7 ወይም 10 ዓመት ዋስትና የሚሰጥ አምራች ዕቃው ቶሎ ከተበላሸ የሚከስረው ራሱ ስለሆነ፣ ቃሉ ከባዶ ማስታወቂያ ይሻላል። አንዱ ማስረጃ ሊዋሽ ይችላል፤ አራቱ ሲገናኙ ግን መዋሸት ይከብዳል።

ነጋዴ፦ እሺ፣ የመጨረሻ ጥያቄ። ገንዘቡ ባይበቃኝስ? ሁሉም ሰው እኮ ውዱን መግዛት አይችልም።

ባለሙያ፦ ገንዘብ ካነሰ ዋቱን ይቀንሱ፤ ጥበቃውን አይቀንሱ። ለጽሕፈት ማሽን የ550 ዋት ዕቃ ይግዙ የሚል ሰው ያስከፍልዎታል እንጂ አይጠቅምዎትም። ከአንድ ጥሩ አምራች የ300 ወይም የ400 ዋት መግዛት ስም የሌለውን 600 ዋት ከመግዛት ይሻላል። የብርሃን ጌጥ፣ የሚነቀል ኬብል፣ ከጎልድ በላይ ያለ ምልክት ሁሉ ሊቀር ይችላል። የማይቀሩት ሦስት ናቸው፤ ለማሽኑ የሚበቃ የ12 ቮልት አቅም፣ የሚገጥም ኮኔክተርና በጊዜው የሚቆርጥ ጥበቃ። ማዘርቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ግራፊክስ ካርዱና ዲስኩ ሁሉ ከዚህ አንድ ሳጥን ጋር በሽቦ የተያያዙ ናቸው። እሱ ሲበላሽ ብቻውን ይበላሽ ወይስ ሌሎቹን ይዞ ይሂድ የሚለውን የሚወስኑት ዕቃውን የገዙ ዕለት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ምትክ ፓወር ሰፕላይ ልትገዛ ስትሄድ አሮጌውን ነቅለህ ይዘህ ሂድ። ከካርቶኑ ፊት በፊት በጎኑ ያለውን ሠንጠረዥ አንብብ፤ 12ን በአምፔሩ አባዛ፤ ኮኔክተሩን ከአሮጌው ጋር አስተያይ፤ ስለ ጥበቃው ጠይቅ። ሻጩ መልስ ከሌለው፣ ዕቃውም ላይ ካልተጻፈ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አትግዛው።